ጨዋታን በትዕግሥት ስለ መጠበቅና ስለ ተሰጠ ቃል

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች የእንቅልፍ ሰዓት ተናግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ትንሽ መስሎ በብዙ ቤት አባትንና ልጅን ስለሚያከራክር አንድ ጉዳይ ልንጽፍ አሰብን። ይኸውም ለፕሌይስቴሽን ብቻ ተሠርቶ የወጣ የጦርነት ጨዋታ መቼ ወደ ኮምፒዩተር ይመጣል እያሉ መጠበቅ ነው።

ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ ይህን ርእስ ባዩ ጊዜ፤ «ጋዜጣው ደግሞ ወደ ጨዋታ ወረደን?» ሳይሉን አይቀሩም። የእኛ መልስ ግን ይህ ነው። ልጁ የሚወደውን ነገር ሲጠብቅ ያየ አባት፤ ያው ልጅ አድጎ ሹመትን፤ ደመወዝን፤ ፍርድንም እንዴት አድርጎ እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ያያል። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም።

አስቀድመን ለማያውቁት እናስረዳለን። ኮንሶል ማለት ለጨዋታ ተሠርቶ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ ሳጥን ነው፤ የሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽን ከነዚህ አንዱ ነው። ኮምፒዩተር ግን ደብዳቤ የሚጻፍበት፤ ሒሳብ የሚሠራበት፤ ትምህርት የሚጠናበት ዕቃ ስለ ሆነ ሳጥኑ በሌለበት ቤት እንኳ ይገኛል። ኩባንያውም ሳጥኑ እንዲሸጥለት ሲል መልካሙን ጨዋታ አስቀድሞ ለሳጥኑ ብቻ ያወጣዋል፤ ከብዙ ጊዜም በኋላ፤ በሳጥኑ የሚጫወተው ሰው ሁሉ ከገዛ ወዲያ፤ ሌላ ገዢ ፈልጎ ወደ ኮምፒዩተር ያሻግረዋል።

ማሻገሩም ቀላል ሥራ አይደለም። የአንድ ዓይነት ሳጥን ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ልክ ነው፤ ኮምፒዩተር ግን በየቤቱ ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ ብርቱ፤ አንዱ ደካማ፤ አንዱ አዲስ፤ አንዱም ያረጀ ይሆናል። ስለዚህ ጨዋታን የሚያሻግር ባለሙያ፤ ለአንድ ሰው ልክ የተሰፋውን ልብስ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲሆን አድርግ ተብሎ እንደ ታዘዘ ልብስ ሰፊ ነው።

አሁን ምሳሌ አድርገን አንድ ጨዋታ እናንሣ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ነው ብለን ካላመለከትን በቀር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

«ጎስት ኦፍ ጹሺማ» የሚባለው ጨዋታ፤ ትርጓሜውም የጹሺማ መንፈስ ማለት ነው፤ በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ባለ ሰከር ፓንች በሚባል ማኅበር ተሠርቶ ጁላይ 17 ቀን 2020 ለፕሌይስቴሽን 4 ወጣ። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀኖች ብቻ 2.4 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ሠሪዎቹ አሜሪካውያን ቢሆኑም ታሪኩ የጃፓን ነው። ጹሺማ በኮርያና በጃፓን መካከል የምትገኝ ደሴት ናት። በ1274 የሞንጎሎች ንጉሠ ነገሥት ኩብላይ ካን የላከው ሠራዊት በመርከብ ተሻግሮ በዚህች ደሴት ላይ ወረደ፤ የደሴቲቱም ሹም ሶ ሱኬኩኒ 80 ያህል ፈረሰኞች ይዞ በኮሞዳ ጠረፍ ተዋግቶ ከሰዎቹ ጋር ወደቀ። እስከዚህ ድረስ ያለው በታሪክ የተጻፈ ነው። ጨዋታው ከዚህ ተነሥቶ ጂን ሳካይ የሚባል የመኳንንት ልጅ በልብ ወለድ ፈጥሮ ያቆማል።

ጂን አባቱ ከሞተ በኋላ ያደገው በአጎቱ በሺሙራ እጅ ነው። አጎቱም ጠላትን ፊት ለፊት መግጠም ክብር መሆኑን፤ በስውር ከኋላ መውጋት ግን ነውር መሆኑን አስተምሮታል። ነገር ግን የጠላት ብዛት ከአቅም በላይ በሆነ ጊዜ፤ ጂን ሕዝቡን ለማዳን ሲል በጨለማ መሄድን፤ በስውር መግደልን፤ ኋላም መርዝን እስከ መጠቀም ይደርሳል። አጎቱ በዚህ እጅግ ያዝናል። የሚጫወተውም ሰው፤ ከሁለቱ እውነቱ ከማን ጋር ነው እያለ ልቡ ሲከፈል ይቈያል። የጦርና የማዕርግ ታሪክ ካለው ቤት ለተወለደ ሰው ይህ ጥያቄ እንግዳ አይሆንበትም።

ሥራውም ያማረ ነው። መንገድ ለጠፋበት ተጫዋች ቀስት ወይም ጽሕፈት በማሳየት ፈንታ ነፋስ ይነፍስለታል፤ እርሱም ሣሩና ቅጠሉ ወደ ተዘነበለበት ይሄዳል። ታላቁን የጃፓን ሲኒማ ሠሪ አኪራ ኩሮሳዋን (1910–1998) ለማክበርም፤ ሁሉ ነገር በጥቁርና በነጭ የሚታይበት አኳኋን ተሰናድቶለታል። በሴፕቴምበር 2020 ዐውሎ ነፋስ በእውነተኛይቱ ጹሺማ ያለውን የዋታጹሚን መቅደስ በር በጣለ ጊዜ፤ ለማሠሪያ 5 ሚሊዮን የን ቢለመን ከ27 ሚሊዮን የን በላይ ተዋጣ፤ ከሰጡትም መካከል ደሴቲቱን በዚህ ጨዋታ ያወቁ ነበሩበት። ጨዋታ የሩቅን አገር እንዲህ አድርጎ በሰው ልብ ካሳደረ፤ ፈጽሞ ከንቱ ነው ብለን ልንንቀው አንችልም።

ይሁን እንጂ ደም የሚፈስበት ስለ ሆነ፤ በአውሮፓ 18 ዓመት፤ በአሜሪካም 17 ዓመት ላልሞላው ልጅ የሚገባ አይደለም ተብሎ ተመድቧል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ልጅ ብለን ስንናገር ለአቅመ አዳም የደረሰውን ማለታችን ነው፤ ታናናሾቹን ወላጆች ከዚህ ያርቁልን።

ይህ ሁሉ ሲነገር ኮምፒዩተር ብቻ ያለው ሰው ከደጅ ቆሞ እንደሚሰማ እንግዳ ነበረ። በ2021 ኢኪ የምትባለው ሁለተኛይቱ ደሴት ታሪክ ተጨምሮለት ጨዋታው ለፕሌይስቴሽን 5 ወጣ፤ በደጅ የቆመው ግን አሁንም ጠበቀ። በመጨረሻ ኒክሰስ የሚባል የኔዘርላንድ ማኅበር አሻግሮት፤ ሜይ 16 ቀን 2024፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.፤ ለኮምፒዩተር ወጣ። መጀመሪያ ከወጣበት ቀን 3 ዓመት ከ10 ወር ሆኖት ነበር።

ለጠበቀው ሰው ጥቅም አልቀረለትም። ዋናውንና ተጨማሪውን ታሪክ በአንድነት አገኘ፤ ብርቱ ኮምፒዩተር ያለውም ከሳጥኑ ይልቅ የጠራና የፈጠነ ሥዕል አየ። የሚፈለገው ባዶ ቦታ ግን 75 ጊጋባይት ስለ ነበረ፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የቤተ ዘመድ ፎቶግራፍ የሞላበት ሰው አስቀድሞ ቤቱን መጥረግ አስፈልጎታል።

ነገር ግን መጠበቅ የሚያመጣው ሁሉ ጥቅም አይደለም። ጨዋታው ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፤ ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት የሚጫወቱበት ክፍሉ የፕሌይስቴሽንን አካውንት ስለሚጠይቅ፤ ይህ አካውንት በማይሰጥባቸው ከ170 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች፤ ጨዋታው ስቲም ከሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ መደብር ሽያጭ ተነሣ። ብቻውን ለሚጫወት ሰው አካውንቱ የማያስፈልግ ሲሆን ክልከላው ግን ሁሉን አንድ አድርጎ ያዘ። አገራችን ኢትዮጵያም ከተከለከሉት አንዷ ነበረች። በእነዚያ አገሮች አስቀድመው ለከፈሉት ሰዎች ገንዘባቸው ተመለሰ፤ የጠበቁበትን ዘመን የሚመልስ ግን የለም። ከዚህ በኋላ በጃንዋሪ 2025 ኩባንያው ለአንዳንዶቹ የኮምፒዩተር ጨዋታዎቹ አካውንቱ ግዴታ እንደማይሆን ማስታወቁ የሚመሰገን ነው።

እዚህ ላይ በራሳችን ቤት የሆነውን መናገር ይገባናል፤ ጥፋቱ የእኛ ስለ ሆነ ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ነገሩ የጹሺማው ጨዋታ አይደለም፤ የሌላ ጨዋታ ነው፤ የጨዋታውንም የሻጩንም ስም አንጠራም። ልጃችን ያን ጊዜ ዕድሜው 19 ዓመት ነበረ። ፈተናህን በደኅና ካለፍህ፤ ያ ጨዋታ ወደ ኮምፒዩተር በመጣ ቀን እንገዛልሃለን ብለን ቃል ሰጠነው። ፈተናውን አለፈ፤ ጨዋታውንም 2 ዓመት ያህል ጠበቀ። በወጣበት ዕለት ማታ ለመግዛት ቢቀመጥ፤ የሚሞላው ቅጽ ስሙን፤ የልደት ቀኑንና የሚኖርበትን አገር ጠየቀው፤ ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ግን ኢትዮጵያ አልነበረችም።

ልጃችንም ወደ እኛ መጥቶ፤ «አባባ፤ ጓደኞቼ የሌላ አገር ስም ጻፍና እለፍ ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?» አለን። እኛ በዚያን ሰዓት የችሎት ጽሑፍ እየገለበጥን ነበርና ቀና ሳንል፤ «አንዲት ቃል ናት፤ ጻፍና ጨርስ» አልነው። ልጁ ግን አልሄደም። ጥቂት ቆሞ፤ «አባባ፤ ምስክር በችሎት ቆሞ ያገሩን ስም ቢለውጥ፤ እርስዎ አንዲት ቃል ናት ብለው ይጽፉለታልን?» አለን።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ከ20 ዓመት በላይ የሰውን ቃል በመሐላ ስንጽፍ ኖረናል። ምስክሩን ስሙን፤ ዕድሜውንና አገሩን አንድ በአንድ ጠይቀን፤ የጻፍነውን አንብበን አሰምተን እናስፈርመዋለን፤ አንዲት ቃል ብትሳሳት ሠርዘን በሥርዙ ላይ እንደ ገና እናስፈርመዋለን። በዚያ ምሽት ግን በገዛ ቤታችን ሐሰት እንዲጻፍ ፈቅደን ነበር። አፈርን፤ ብዕራችንንም አኖርን።

አባቶቻችን «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። እኛ በዚያ ሰዓት በሁለት ቃል መካከል ተያዝን። ጨዋታውን ካልገዛን ለልጃችን የሰጠነው ቃል ይፈርሳል፤ ከገዛንም በሐሰት ቃል ነው። ከሁለቱ አንዱም እንዳይጠፋ መንገድ ያገኘው ልጁ ራሱ ነው። «ገንዘቡን ለይተው ያስቀምጡልኝ፤ ባገሬ ስም የሚሸጥልኝ ቀን እገዛበታለሁ» አለን። ስለዚህ ገንዘቡን በፖስታ አድርገን፤ የማን እንደ ሆነ፤ ስለ ምን እንደ ተቀመጠና ቀኑን በላዩ ጽፈን ፈርመን በመሳቢያ አኖርነው።

ያ ጨዋታ እስከ ዛሬ በቤታችን የለም። ልጁ አልተከፋም ብንል ሐሰት ይሆንብናል፤ ብዙ ሳምንት ጓደኞቹ ስለ ጨዋታው ሲያወሩ እርሱ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። የጂንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው፤ እርሱስ ነውር የሆነውን መንገድ ይዞ የለምን ሊለን ይችላል። አዎን ይዟል፤ ነገር ግን እርሱ የያዘው የሕዝቡ ነፍስ ስትጠፋ አይቶ ነው፤ ያም ሆኖ ዋጋውን ከፍሎበታል። እኛ ግን ለአንድ ምሽት ደስታ ልንይዘው ነበር።

ከዚህ ሁሉ ተምረን ለወላጆች አራት ምክር እናቀርባለን።

1ኛ፤ የተሰጠ ቃልንና ምኞትን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። «ብለድቦርን» የሚባለው ጨዋታ ማርች 24 ቀን 2015 ለፕሌይስቴሽን 4 ወጣ፤ ወዳጆቹም በየዓመቱ ዘንድሮ ወደ ኮምፒዩተር ይመጣል እያሉ ሲያወሩ 10 ዓመት ሞላ፤ እስከዚያም ድረስ አልመጣም። ኩባንያው ቃል አልሰጠምና አጠፋ ሊባል አይችልም። ምኞት ያለው ሰው በወሬ ከመቃጠል ይልቅ በአግባቡ ቢጠይቅ ይሻላል። በ2011 ለኮንሶል የወጣው «ዳርክ ሶልስ» ወደ ኮምፒዩተር እንዲመጣ በ2012 መጀመሪያ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች አቤቱታ ፈረሙ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ጨዋታው ለኮምፒዩተር ወጣ። በጨዋነት የቀረበ አቤቱታ በሩቅ አገር ኩባንያ ፊት እንኳ ሰሚ ያገኛል።

2ኛ፤ ቀን የተቈረጠለትም ነገር ቢሆን ሊዛወር እንደሚችል ለልጅ አስቀድሞ መንገር ይገባል። «ግራንድ ቴፍት ኦቶ 5» ሴፕቴምበር 17 ቀን 2013 ለኮንሶል ወጣ። ለኮምፒዩተር ጃንዋሪ 27 ቀን 2015 ይወጣል ከተባለ በኋላ ወደ ማርች 24፤ ከዚያም ወደ ኤፕሪል 14 ተዛወረ፤ በመጨረሻው ቀንም ወጣ። በፍርድ ቤት የቀጠሮን ነገር የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይደነቅም። ቀጠሮ የተዛወረበት ሰው ጉዳዩ አልጠፋበትም፤ በቀጠሮው ቀን ተመልሶ መቅረብ ብቻ ነው።

3ኛ፤ ጨዋታው ወጥቶ ሰዎች ሳይመሰክሩለት ገንዘብ አትክፈሉ። «ዘ ላስት ኦፍ አስ» የሚባለው ጨዋታ የመጀመሪያ ክፍል ማርች 28 ቀን 2023 ለኮምፒዩተር በወጣ ጊዜ፤ ለመጀመር ብዙ የሚያስጠብቅ፤ በመካከልም የሚቋረጥ ሆኖ ተገኘ፤ ሠሪዎቹም ደጋግመው አደሱት። ከላይ የጠቀስነው «ዳርክ ሶልስ» እንኳ ሥዕሉ ደብዛዛ ሆኖ ስለ መጣ፤ አንድ ተጫዋች ወዲያው ማስተካከያ ሠርቶ ለሰው ሁሉ በነጻ ሰጠ። አራት ዓመት የጠበቀ ሰው ሁለት ሳምንት ቢጨምር ምን ይጐዳል? በነዚያም ሁለት ሳምንታት የቤቱ ኮምፒዩተር አቅሙ ይበቃ እንደ ሆነ ያስመርምር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፤ ከተከፈለ በኋላ መመርመር ጸጸት ብቻ ነው።

4ኛ፤ በቅጽ ላይ የሚጻፈው ነገር እውነት ይሁን። ቅጹን የሚያነበው ሰው በሩቅ አገር ያለ፤ ወይም ሰው ያልሆነ መኪና ቢሆንም፤ የሚጽፈው ግን የእኛ ልጅ ነው። ዛሬ ለጨዋታ ያገሩን ስም የለወጠ እጅ ነገ ለደመወዝ ዕድሜውን፤ ለርስትም የአባቱን ስም ለመለወጥ አይከብደውም። ይህንም የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በልጃችን ፊት ስለ ታረምን ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ባለፈው እሑድ በቤታችን የተነሣው ጥያቄ ነው። የጹሺማው ጨዋታ ሠሪዎች «ጎስት ኦፍ ዮቴይ» የሚባለውን ሁለተኛ ጨዋታ ኦክቶበር 2 ቀን 2025 ለፕሌይስቴሽን 5 ብቻ አወጡ። የዚህኛው ታሪክ ዛሬ ሆካይዶ በምትባለው በሰሜን ጃፓን፤ በ1603 የሆነ ሆኖ የተደረሰ ነው፤ ዋናይቱም አጹ የምትባል የቤተ ሰቧን ደም ልትመልስ የተነሣች ሴት ናት። ልጃችን ይህን ሰምቶ ኖሮ ከምሳ በኋላ፤ «አባባ፤ ይህስ ወደ ኮምፒዩተር ይሻገር ይሆን?» ብሎ ጠየቀን።

እኛም መሳቢያውን ከፍተን ፖስታውን አወጣን። ወረቀቱ ጥቂት ወይቧል፤ ፊርማችን ግን ይነበባል። ልጁ ከቀድሞው ጽሕፈት በታች የሁለተኛውን ጨዋታ ስም አስጻፈንና፤ ከሁለቱ አስቀድሞ ባገሬ ስም የመጣውን እገዛበታለሁ አለ። ቀኑን ክፍት ትተን ፈረምንበት፤ እርሱም በምስክርነት ፈረመ። ፖስታው ወደ መሳቢያው ተመልሷል።

በሚመጣው ሳምንት፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፤ ስለ እንግዳ አቀባበል እንጽፋለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።